ወንዝን በኳየር ማሰማት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንዝ ዳር ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ከዚያ የሰሙትን ያለ ምንም መሣሪያ በብዙ ሰው ድምፅ መልሶ ማሰማት፤ ሥራችን ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። ሰው ሰምቶን ሲያበቃ የሚጠይቀን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። አንዳንዱን በአጭሩ አልፌዋለሁ፤ የምወደው ቦታ ስደርስ ግን ቆይቻለሁ።

ስለ ወንዝ ከመዝፈን በምን ይለያል?

ስለ ዓባይ ያልዘፈነ የለም ማለት ይቻላል። በዘፈኖቹ ውስጥ ወንዙ በስሙ ይጠራል፣ ይሞገሳል፣ ይወቀሳል። ድምፁን ግን አንሰማውም። በእኛ ሥራ ግጥም ላይኖር ይችላል፤ የወንዙ ስም አንዴም ላይነሳ ይችላል። የሚሰማው ውሃው ድንጋይ ላይ ሲሰበር፣ ሥር ለሥር ሲሾልክ፣ ሜዳ ላይ ሲተኛ ነው። «ዜማስ የለውም?» ይሉናል። አንዳንዴ አለው፤ ነገር ግን ወንዝ ዳር ሄደን የምናመጣው እንጂ ከቤት ይዘነው የምንወጣው አይደለም።

ማን ነው የጀመረው?

ኳየሮች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ካናዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሬይመንድ መሪ ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው «ሚኒዋንካ» ነው። ሥራው የውሃን ጉዞ ደረጃ በደረጃ ይከተላል። ዝናብ ሆኖ ይጀምራል፣ ጅረት ይሆናል፣ ጸጥ ያለ ሐይቅ ውስጥ ያርፋል፣ ሰፊ ወንዝ ሆኖ ይወጣና ውቅያኖስ ይገባል። ቃላቱ ዳኮታን ጨምሮ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች የተለቀሙ የውሃ፣ የዝናብና የወንዝ ስሞች ናቸው። ወረቀቱን ብታዩት የለመድነው ባለ አምስት መስመር ኖታ አይመስልም። መስመሮቹ ይወርዳሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ይሰፋሉ፤ ወንዝ የሣለ ሰው እጅ ነው የሚመስለው።

ሼፈር እዚህ የደረሰው በማዳመጥ ነው። በዚያው ዘመን በካናዳው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹን አሰባስቦ የአካባቢን ድምፅ ያጠና ነበር። ተማሪዎቹንም ሙዚቃ ከመሥራታቸው በፊት ጆሯቸውን እንዲያጸዱ ያለማምድ ነበር። እኔ በግሌ ከዘፈኑ ይበልጥ የተማርኩት ከዚህ ነው። አባሎቻችን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች አንድም ድምፅ ሳያወጡ አዳምጠው ብቻ ነው የሚሄዱት።

ሌሎችም አሉ። አሜሪካዊቷ ፖሊን ኦሊቬሮስ እ.ኤ.አ. በ1988 ከጓደኞቿ ጋር በዋሽንግተን ግዛት ፎርት ወርደን ወደሚገኝ ከመሬት በታች ያለ ባዶ የውሃ ማጠራቀሚያ ወርዳ ሙዚቃ ቀዳች። እዚያ ውስጥ የወጣ ድምፅ እስኪጠፋ 45 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እዚያ ዝም ብሎ መዝፈን አይቻልም። ከግማሽ ደቂቃ በፊት ያወጣኸው ድምፅ ገና እየሄደ ስለሆነ ሰምተህ ነው የምትጨምረው። ኒውዚላንድ የተወለደችው አኒያ ሎክውድ ደግሞ የወንዝ ድምፅ መልቀም የጀመረችው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካውን ሃድሰን ወንዝ ከምንጩ እስከ አትላንቲክ፣ የአውሮፓውን ዳኑብ ከጀርመን ጥቁር ደን እስከ ጥቁር ባሕር ዴልታ ተከትላ ቀድታለች። ለዳኑብ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2004 ተመላልሳለች። የእሷ ሥራ ኳየር አይደለም። ሆኖም ወንዝን ከምንጩ እስከ መድረሻው በትዕግሥት መስማት ምን ማለት እንደሆነ እሷን የሚያህል አላየሁም። በዳኑብ ዳር የሚኖሩ ሰዎችን ወንዙ ለእነሱ ምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ በየቋንቋቸው የመለሱት መልስም ከውሃው ድምፅ ጋር ተጠላልፎ ይሰማል።

ውሃ ግን ለምንድን ነው ድምፅ የሚያወጣው?

ይህን ጥያቄ የምትጠይቀን ብዙ ጊዜ ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው የሚያውቀው ስለሚመስለው አይጠይቅም። እኔም የሚመስለኝ ውሃ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ የሚጮህ ነበር።

ዋናው ምንጩ አየር ነው። ውሃ ሲወድቅና ሲናወጥ አየር ይውጣል፤ የተዋጠው አየር አረፋ ይሆናል። አረፋው በዙሪያው ባለው ውሃ ተጨምቆ መልሶ ይለጠጣል፣ እንደገና ይጨመቃል፤ ልክ እንደተመታ ደወል ይርገበገባል። እ.ኤ.አ. በ1933 ማርሴል ሚናርት የተባለ ሳይንቲስት የአረፋው መጠን ድምፁን እንዴት እንደሚወስን አስልቶ አሳየ። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 1 ሚሊሜትር የሆነ አረፋ በሰከንድ 3,260 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ይህ ቀጭን ፉጨት ነው። 1 ሴንቲሜትር ሲሆን ወደ 326 ይወርዳል።

326 ማለት ምን ማለት ነው? ፒያኖ ላይ ከመካከለኛዋ ዶ ከፍ ብላ ያለችው ሚ 330 ገደማ ናት። አንዲት አልቶ (ወፈር ያለ ድምፅ ያላት ሴት) ሳትጨነቅ የምታወጣት ድምፅ ነው። አረፋው እጥፍ ሲሆን መርገብገቡ በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርድና ለባሶች (ወፍራም ድምፅ ላላቸው ወንዶች) ይመቻል። ይህን ለአባሎቻችን በሰሌዳ ላይ ጽፌ ያሳየሁ ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዝምታ አይረሳኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ውሃን እየመሰልን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዳችን አንድ አረፋ ነን ብለን ነው የምንቆመው።

እሺ፣ ለምን ኳየር? ድምፁን ቀድቶ ማሰማት አይበልጥም?

መቅዳትም መልካም ነው፤ እኛም እንቀዳለን። ኳየሩን የመረጥነው ግን ከላይ ባነሳሁት ምክንያት ነው። የፏፏቴ ግርማ ሲበታተን እልፍ አእላፍ ትናንሽ ድምፆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ለቅጽበት ብቻ ይሰማሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ቦታውን ይይዛል፤ መሪ የላቸውም። ኳየርም እንዲሁ መሆን ይችላል። አሥራ አራት ሰው በየራሱ ጊዜ ቢተነፍስ ድምፁ ለሰዓታት አይቋረጥም። አንድ ሰው ብቻውን ያንን ማድረግ አይችልም።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ሲዘፍኑ የተለያዩ ድምፆች እየተጠላለፉ በአንድ ላይ ይሄዳሉ፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ሌላውን ይሰማል። የእነሱን አዘፋፈን ያደመጠ ሰው የእኛን ልምምድ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ይመቻል?

እጅግ! ስለዚህ ጉዳይ ቀኑን ሙሉ ባወራ አልጠግብም።

ፏፏቴ የሚለው ቃል ራሱ ድምፅ ነው። ሁለት ጊዜ «ፏ» በሉና እስትንፋሳችሁን ልቀቁት፤ ውሃው ወረደ። ሿሿቴም ያው ነው፤ ለጠባብና ለፈጣን መውረጃ የተሻለ ይስማማል። አያቶቻችን ውሃን በደንብ ሰምተውት ነው ቃል ያወጡለት። እስቲ ደረጃውን ተመልከቱ፦ ውሃ ጠብ ይላል፣ ይንጠባጠባል፣ ኩልል ይላል፣ ይንቆረቆራል፣ ይንዠቀዠቃል፣ ይንፏፏል። መጠኑ ሲጨምር ቃሉም አብሮ ይሰፋል። ይህን ተራ ብቻ ይዘን አንድ ሙሉ ሥራ ሠርተናል። አንድ ሰው «ጠብ» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው ሰው ይቀበለዋል፤ «ኩልል» የሚለው ላይ ስንደርስ ሶፕራኖዎቹ (ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች) ለ ላይ ብቻ ይቆያሉ፤ «ይንፏፏል» ሲመጣ ቃሉ ፈርሶ ፏ ብቻ ይቀራል።

ፊደሎቻችንም ያግዙናል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ ከጉሮሮ ተጨቁነው ድንገት የሚተኮሱ ስለሆኑ ለጠብታ ከእነሱ የተሻለ የለም። ድምፅ ሳትጨምሩ «ጥ» ብቻ በሉ፤ ከጣሪያ ወደ ባልዲ የወደቀ ጠብታ ነው። ዲቃላዎቹ ሿ፣ ቧ፣ ጓ፣ ቋ ደግሞ ከንፈርን አሞጥሙጠው ስለሚከፍቱ ባዶ ነገር ውስጥ እንደሚገባ ውሃ ይሰማሉ። ሽ እና ፍ ለሩቅ ወንዝ ናቸው። ሰው የውጭ ኳየሮችን ቪዲዮ አይቶ የእነሱን አፍ ለመምሰል ሲደክም ሳይ አዝናለሁ። የራሳችን አፍ ሞልቶ የተረፈው ነው።

ኖታ የማያነብ ሰው ሊገባ ይችላል?

ይችላል። ከእኛ መሃል ኖታ የሚያነቡት አራት ብቻ ናቸው። ከድምፅ ማማር ይልቅ የምንፈልገው ከራሱ ድምፅ በላይ የጎረቤቱን የሚሰማ ሰው ነው።

ወንዝ ዳር ስንሄድ ምን እናድርግ?

ጠዋት ሂዱ፤ መኪናና ነፋስ ከመነሣቱ በፊት። ተቀመጡ፤ የቆመ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ የምትሰሙት አንድ ወጥ ጩኸት ብቻ ነው። አትቸኩሉ። ከዚያ ጆሮ መለየት ይጀምራል፦ በስተግራ ቀጠን ያለ፣ ከፊት ለፊት ወፍራምና ዘገምተኛ፣ ከኋላ ደግሞ ከድንጋይ ሥር አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ። አንዱን ምረጡና እሱን ብቻ ለአሥር ደቂቃ ተከተሉት። ስትነሡ በቃል የምትይዙት ያንን አንዱን ነው። ሁሉንም ልያዝ ያለ ምንም ይዞ አይመለስም።

ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ መቀመጥ ብቻ ድምፁን ይለውጠዋል። ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ውሃው ስትቀርቡ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይጎላሉ፤ ስትርቁ ወፍራሙ ይቀራል።

ቡድኑ ምን ዓይነት ልምምድ ያደርጋል?

የምንወደው ልምምድ መሠረቱ የኦሊቬሮስ ነው። ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። በረጅሙ ይተነፍስና በመጀመሪያው አወጣጥ የፈለገውን አንድ ድምፅ ያወጣል። በሚቀጥለው ትንፋሽ ከሰማቸው ድምፆች አንዱን መርጦ በትክክል ከእሱ ጋር ይገጥማል። ቀጥሎ ደግሞ ማንም ያላወጣውን አዲስ ድምፅ ይፈልጋል። እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። እኛ የጨመርንበት ነገር ቢኖር ከወንዙ ዳር ያመጣነውን ድምፅ በሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ማስገባት ነው። አሥር ደቂቃ ላይ ክፍሉ ውስጥ ማንም ያላቀደው ወንዝ ይፈስሳል።

ትልቁ ችግር ሁሉም አብሮ መተንፈሱ ነው። ይህ የሚሆነው ሳናውቀው ነው፤ ወዲያው ወንዙ ይቆረጣል። መፍትሔው ጎረቤትህ ሲተነፍስ ከሰማህ ያንተን ማዘግየት ነው።

ከውሃው ሥር ያለውን ድምፅ መስማት ይቻላል?

ይቻላል፤ ሃይድሮፎን የሚባል ለውሃ የተሠራ ማይክሮፎን አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በውሃ ውስጥ ግን 1,480 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ምክንያት ውሃ ውስጥ ሆኖ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ለጆሯችን ይከብዳል፤ ከሁሉም አቅጣጫ፣ ከራሳችን ውስጥም የመጣ ይመስላል። እኛ ኳየሩን በአዳራሹ ዙሪያ አሰልፈን ተመልካቹን መሃል የምናስቀምጠው ለዚህ ነው። በሃይድሮፎኑ ጠጠር ሲንከባለል፣ ነፍሳት ሲንጫጩ፣ ተክል አየር ሲለቅ ትሰማላችሁ።

መሣሪያው ከሌላችሁ ስልክ በፌስታል ጠቅልላችሁ አትንከሩ። እኔ ይህን አድርጌ የሁለት ወር ቅጂዬን በሙሉ አጥቻለሁ፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል። የፕላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላውን ጆሯችሁ ላይ አድርጉ። ለመማር ይበቃል።

ጸበል ያለበት ምንጭ ጋ ማዳመጥ ነውር አይደለም?

ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ሳትቀዱና ሳትዘፍኑ ከተቀመጣችሁ ነውር የለውም። የቦታው አገልጋዮች «አይሆንም» ካሉ አይሆንም፤ አትከራከሩ። እኛ ጸበል ላይ የሰማነውን ድምፅ መድረክ ላይ አናወጣም።

ተፈጥሮን አዳምጦ ማዜም በራሱ ከእምነቱ የራቀ አይደለም። በትውፊታችን ቅዱስ ያሬድ ማይ ኪራህ በተባለ ቦታ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ትሏ ስትወጣ ስትወድቅ ያየ፣ ዜማውንም ከወፎች የሰማ ሰው ነው። እኛ ግን የምንሠራው ማኅሌት አይደለም፤ ሁለቱን አናደባልቅም።

የት ሄደን እናዳምጥ?

ዓባይን ከላይ ጀምራችሁ ብትከተሉት አንድ ወንዝ ስንት ድምፅ እንዳለው ትረዳላችሁ። ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ ስትደርሱ የሚሰማ ነገር ያለ እንኳ አይመስልም፤ ምንጩ ከሣሩ ሥር በለሆሳስ ይወጣል። ከዚያ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ማዕበሉ ዳርቻውን ሲመታ ትሰሙታላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወረድ ስትሉ ጢስ ዓባይ ነው።

ጢስ ዓባይ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ይጠለፋል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛውና ትልቁ በ2001 ሥራ ጀምረዋል። በበጋ የሄደ ሰው የሚሰማው እንደ ክረምቱ አይደለም። አረጋውያኑን «ድሮ ከየት ድረስ ይሰማ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በእጃቸው ወደ ኮረብታው ይጠቁሟችኋል። መብራቱ እንደሚያስፈልገን አውቃለሁ። ነገር ግን የጠፋውን ድምፅ መልሶ ማሰማት የሚችል ኳየር ሊኖር ይገባል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የሚቀጥለው ሥራችንም ይኸው ነው።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላላችሁ ወገኖቻችን የፖቶማክ ወንዝ ግሬት ፎልስ ቅርባችሁ ነው። እሑድ ከቤተሰብ ጋር ሄዳችሁ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀመጡ።

ልጆች ይዘን ብንሄድ አደጋ የለውም?

አለው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው በከንቱ አይደለም። በክረምት እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የወንዙ ድምፅ ድንገት ከወፈረ፣ ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ወዲያውኑ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ጣናን ጨምሮ በዝግታ በሚፈስና በተኛ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ ስለሚኖር እግር መንከርም ተዉ። ለማዳመጥ ውሃው ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

የከተማችን ወንዞች ቆሻሻ ናቸው። ከእነሱ ምን ይደመጣል?

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ በአንድ ጠዋት ነው የምመልሰው። ቀበና ወንዝ ዳር ተቀምጠን ነበር። ሽታው ከባድ ነው፤ ሁለት ሰዎች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነዋል። ከሁለት ድንጋዮች መሃል የሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ተቀርቅሯል፤ ክዳን የለውም፣ አፉ ወደ ላይኛው ነው። ውሃው ከፍ ሲል ይገባበታል፣ ዝቅ ሲል አየር ይስባል። «ቋ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ቋ፣ ቋ» ይላል። ከዚያ ረጅም ዝምታ። አንዲት አልቶ አባላችን ሌላውን ሁሉ ትታ ያንን ብቻ አርባ ደቂቃ ሰማች። ስንነሣ ቆሻሻ ስለሆነ ፕላስቲኩን እናውጣው አልን፤ አወጣነው፤ ድምፁም ጠፋ።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ከንፈሯን አሞጥሙጣ፣ ምላሷን ወደ ኋላ ስባ ያንኑ «ቋ» አወጣችው፤ ዝምታውንም ልክ በርዝመቱ ጠብቃለች። አንዳንዶቻችን ከሥራው ይውጣ፣ የወንዙ ድምፅ አይደለም አልን። እሷ ግን «እዚያ የሰማሁት ይህንን ነው» አለች። እውነቷን ነው። አሁን የቀበናን ሥራ ስናቀርብ ሽ እና ፍ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ሶፕራኖዎቹ አንድ በአንድ ያቆማሉ፤ ባሶቹ ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ ጨለማ ውስጥ እሷ ብቻ ትቀራለች። «ቋ» ትላለች። ሰው ያለቀ መስሎት ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ «ቋ፣ ቋ» ትላለች።